ሦስት ስፌትና አንዲት ነጥብ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ መርማሪው የተጠቀለለ ጨርቅ በብብቱ ሸጉጦ ላውንደሪው ውስጥ ገባ። ሰዓቱን ሚጢጢ አትረሳውም፤ ካውያዋን ሰክታ እስኪግል ድረስ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ደቂቃ ትቆጥር ነበር።

ሚጢጢ የምትባለው የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ባሏን ቀብራለች፤ ፀጉሯም ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። ታላቅ እህቷ በልጅነቷ ያወጣችላት ስም ግን እንደ ክትባት ጠባሳ ከላይዋ አልጠፋም። ሥራዋ መተኮስ ነው። ታላቂቱን ደግሞ ሁሉም እታለም ይሏታል፤ ደንበኛውም፣ የላውንደሪው ባለቤትም፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሰዎች ጭምር። እታለም ከጓዳው መስኮት ሥር ባለች ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ለእጥበት በሚገባው ልብስ ሁሉ ጠርዝ ላይ በቀይ ክር ምልክት ትሰፋለች። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው። ለአንዱ ሁለት መስቀል፣ ለአንዱ ጎኑ የተቆረጠ ክብ፣ ለአንዱ እንደ ወፍ እግር ያለ ነገር። ሥራውን የጀመረችው ማንበብ ሳትችል ስለነበር ምልክቶቹን ሁሉ ከራሷ ነው ያወጣቻቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንዱ ሰው ካልሲ እንኳ ተሳስቶ ሌላ ቤት ገብቶ አያውቅም።

መርማሪው የቆየ ደንበኛ ነው። በየሳምንቱ አምስት ሸሚዝ ያመጣል፤ ኮሌታው ደረቅ እንዲልለት ይወዳል። ስለዚህ ሲገባ መጀመሪያ የደነገጠ የለም። የላውንደሪው ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ብድግ አለ። ሠራተኞቹ በሌለበት «ሳሙና» ነው የሚሉት፤ የትኛውም ነገር ውስጥ ቢገባ ሾልኮ ስለሚወጣ።

«ደህና አደሩ ጌታዬ፤ ዛሬ ሸሚዙ ቀደመሳ» አለ ሳሙና።

«ሸሚዝ አይደለም ጋሼ።» መርማሪው ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ዞረ። «እህቴ፣ ይህቺን አንሺልኝማ።»

ሚጢጢ ሊተኮስ የተዘረጋውን ቀሚስ ከነካውያው ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋችለት። ጥቅልሉን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሰፊ ነጭ አንሶላ ነው፤ በላዩ ላይ ቁመታቸው ስንዝር የሚሆን ጥቁር ፊደሎች «መጠየቅ ወንጀል አይደለም» ይላሉ።

ከኋላ፣ ከገንዳው ዘንድ፣ ይሰማ የነበረው ድምፅ ተቋረጠ። አጣቢዋን ሬዲዮ ይሏታል። ጠዋት ሥራ ስትገባ የተከፈተ አፍ ማታ ስትወጣ ነው የሚዘጋው፤ ጥርሷን ተነቅላ ጥጥ በአፏ ይዛ በመጣች ቀን እንኳ ስለ ነቃዩ ስታወራ ነው የዋለችው። ያን ጠዋት ስለ ጎረቤቷ አማች አንድ ነገር ጀምራ ነበር። አማቺቱ ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ነገሩ ከውኃ ነው የጀመረው። የማታ ትምህርት የሚያስተምራቸው ሰውዬ ከአንድ ወር በፊት በሰፈሩ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ጠየቀ፤ «ቧንቧችን በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚመጣው። የአራቱ ቀን ውኃ የት ይሄዳል?» ይጣራል ተባለ። በሁለተኛው ቀን አስተማሪው ራሱ ለማጣራት ይፈለጋል ተብሎ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ተማሪዎቹ ጽዳት ሠራተኞች፣ ተሸካሚዎች፣ አንድ ፀጉር አስተካካይና ሁለቱ እህትማማቾች ከነሬዲዮ ነበሩ። ሰልፍ እንደሚወጡ የሚያሳውቅ ደብዳቤ ጽፈው አስገቡ፤ ደብዳቤውን ተቀበልኩ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ አንድ ሰዎች ሆነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያንን አንሶላ ይዘው ቆሙ። አልጮሁም። ግማሽ ሰዓት ቆመው ሊሄዱ ነበር የተስማሙት፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው የቆሙት። ከዚያ መኪኖቹ መጡ፤ ሰዉ እግሬ አውጪኝ አለ፤ መሬቱ ላይ ጫማና ሻርፕ፣ ጃኬትና አንሶላው ቀረ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ መርማሪው። ጣቱ የአንሶላው ማዕዘን ላይ ነበር።

ሚጢጢ አየች። ሦስት ትናንሽ ቀጥ ያሉ ስፌቶች፣ በቀኛቸው አንዲት ነጥብ፣ በቀይ ክር። የራሳቸው ቤት ምልክት ነው። እታለም ላውንደሪ ሳትገባ፣ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ያወጣችው ነው፤ ለእናታቸው፣ ለራሷና ለሚጢጢ ሦስት ስፌት፣ ቀድሞ ለሞተው አባታቸው ነጥቧ። ሚጢጢ ቅዳሜ ዕለት ያንኑ ማዕዘን በእጇ ጨብጣ ነው የቆመችው፤ አላየችውም ነበር።

«እሱ እንኳ ምልክት አይባልም ጌታዬ» አለ ሳሙና። «ጠርዙ እንዳይተረተር የሚደረግ ነው።»

መርማሪው የሸሚዙን ኮሌታ በሁለት ጣቱ ገልብጦ አሳየው። ከውስጥ በኩል ቀይ ክር አለ። «ትናንት ስለብስ አየኋት። ስንት ዓመት በአንገቴ ይዣት ስዞር አይቻት አላውቅም። የእኔም ሸሚዝ ሊተረተር ነበር?»

«ኧረ የእርስዎማ…» አለ ሳሙና።

«አይጨነቁ ጋሼ። መኪናዬ ውስጥ አንድ ከረጢት ልብስ አለ። ሻርፕ፣ ጃኬት፣ አንዲት የሕፃን ሹራብም አለችበት። ሁሉም ጠርዙ ላይ አንድ አንድ ነገር አለው። ሰፈሩ በሙሉ ለካ የእናንተ ደንበኛ ነው፤ ደስ ይላል።» ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ ነበር። «ረቡዕ በአሥር ሰዓት ስብሰባ አለ። ይህ አንሶላ ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ መድረኩ ጠረጴዛ ላይ እንዲነጠፍ እፈልጋለሁ። የባለቤቱንም ስም። መዝገብ መቼም አይጠፋችሁም። ሰዎቹን ምንም አናደርጋቸውም፤ ተሳስተን ነበር ይላሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

ከዚያ ደረሰኝ ጠየቀ። ሳሙና «አንድ አንሶላ» ብሎ ጽፎ ቀደደለት። መርማሪው ደረሰኙን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«እህቴ፣ ካውያሽ እያቃጠለ ነው። የእኔ ልብስ እንዳይሆን ብቻ።»

ሳቅ ብሎ ወጣ። ሚጢጢ ካውያውን ስታነሳ ቀሚሱ ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቀርቶ ነበር።

ሬዲዮ ከገንዳው ቀና ብላ በሹክሹክታ «ቢጫዋ ሻርፔ እዚያ ከረጢት ውስጥ ናት» አለች።

አንሶላውን ቀቀሉት። በረኪና ጨመሩበት፣ ፈተጉት፣ እንደገና ቀቀሉት። ፊደሎቹ ከጥቁር ወደ ጥቁር ቡናማ ተለወጡ፤ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላሉም። ቀለሙን እታለም ራሷ ነበረች የምትበጠብጠው፤ የፋብሪካ ቱታ ላይ ቁጥር ለመጻፍ፣ ስንት ጊዜ ቢቀቀል እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ጨምረሽበት ነው?» አለች ሬዲዮ ክንዷን እያሻሸች።

«ሠላሳ ዓመት እንዳይለቅ ስለፋበት ኖሬ፣ ዛሬ ልቀቅ ብዬ ልለምነው?» አለች እታለም። ትንሽ ኩራት ነበረባት፤ አልደበቀችውም።

የምሳ ሰዓት ላይ ሳሙና ወደ ጓዳው መጣ። በሩን ከፈት አድርጎ ግማሽ አካሉን ብቻ አስገባ፤ ልማዱ ነው።

«እታለም፣ ያቺ ደብተር…»

«የትኛዋ ደብተር ጋሼ?»

«እኔ አላየኋትም። መኖሯንም አላውቅም። ብቻ ረቡዕ መጥቶ ቢፈትሽ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ።» በሩን መልሶ ዘጋው። አስቀምጪው አላለ፣ አጥፊው አላለ።

ደብተሩ የሁለት ዓመት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በፊት ምልክቶቹ ሁሉ በእታለም ጭንቅላት ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ማንም ሊያወጣቸው አይችልም ነበር። ፊደል ቆጥራ በጨረሰች ጊዜ አስተማሪው «የምታውቁትን ጻፉ» አላቸው። ሌላው ሦስት መስመር ደብዳቤ ጻፈ። እታለም ሙሉ ደብተር ይዛ ሄደች፤ በግራ በኩል ምልክቱ፣ በቀኝ በኩል የቤቱ ሰው ስም፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። አስተማሪው እያገላበጠ ዝም ብሎ ቆየና መጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ ያንን ደብተር፣ ልጆቿን የቀበረች እናት ፎቶ እንደምትይዝ ነበር የምትይዘው፤ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከክር ሣጥኑ ሥር።

አወጣችው። ወደ ውኃ ማፍያው ሄደች፤ የምድጃውን ክዳን በብረቱ ሳበች። መጀመሪያ የ«ጎበዝ»ን ገጽ ልትገነጥል እጇን ሰድዳ ነበር፤ ተወችው። ደብተሩን እንዳለ አስገባችና ክዳኑን ገፋችው።

«አሁን እዚህ ነው» አለች፤ በጣቷ ጭንቅላቷን መታ መታ አደረገች። «እንደ ድሮው።»

ሚጢጢ በዚያች ሰዓት ነገሩን በደንብ አላሰበችውም። እዚያ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቤታቸው በር ላይ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጡ። በርሜሉ ግማሽ ነበር። ሚጢጢ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን አወጣችው።

«ለምን ሰፋሽበት?»

«ምኑን?»

«አትቀልጂብኝ እታለም።»

እታለም እግሯን ዘረጋች። «አርብ ጠርዙን ስቀመቅም ቆየሁና ስጨርስ መርፌው ላይ ክር ተርፎ ነበር። እጄ ሄደ፤ በቃ። ከእጄ ምልክት የሌለው ጨርቅ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ እንዲመለስልን ብዬ ነው። ጥሩ አንሶላ ነበር።»

«ሰው ሰልፍ ሲወጣ አንሶላው እንዲመለስለት ያስባል?»

«ሌላ አንሶላ አለን እንዴ?»

ሚጢጢ በሳቅ ፈነዳች። እታለምም ሳቀች። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ያቆሙት ጎረቤት በሩን ሲዘጋ ሲሰሙ ነው።

«ስሚ ሚጢጢ» አለች እታለም። «ደብተር የለም። ሳሙና ምልክት አያነብም፤ ሬዲዮ አታነብም። አንቺም አታነቢም። ሦስት ክር ምን ይናገራል? ስፌት ነው። ዝም እንላለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ካላመነስ?»

«አይመን። ማንበብ ግን አይችልም።»

ማክሰኞ ጠዋት እታለም ላውንደሪው ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ እናስረክብ አለች። ቅዳሜ የሚወሰደው ሁሉ በዚያው ቀን ሄደ። ሬዲዮ በየደንበኛው በር እየዞረች አደረሰች፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሳትናገር፤ «እቤት ስትገቡ ቀዩን ክር ንቀሉት።» ከሰዓት በኋላ መስቀያዎቹ ባዶ ሆኑ። የቀረው በመጨረሻው ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ግራጫ ኮት ብቻ ነው፤ የጡረተኛው። ጡረተኛው ብቻውን ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ ኮቱን ለእጥበት ሰጥቶ ሳይወስደው ባለፈው ክረምት ሞተ፤ የሚጠይቅለት ዘመድም አልመጣም። ኮቱን ማን ይውሰደው ተብሎ ቀረ።

ሚጢጢ ብቻዋን ነበረች። ቧንቧው በዚያ ቀን ስለማይመጣ እታለምና ሬዲዮ ባልዲ ይዘው ከታች ሰፈር ሊቀዱ ሄደዋል። ሳሙናም ጉዳይ አለኝ ብሎ እንደ ልማዱ ሾልኳል። አንሶላው ፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኮቱን አየችው። የጡረተኛውን ምልክት ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ተኩሳዋለች። አራት ስፌትና አንዲት ነጥብ።

አንዲት ስፌት ብቻ ነው የምትቀረው።

እታለም ዝም እንበል ብላለች። ሚጢጢ ግን የሰውየውን ድምፅ አልረሳችውም፤ ያ ጨዋ ድምፅ ዝምታን አምኖ የሚሄድ አልመሰላትም። አንድ ስም ካልሰጡት ራሱ አንድ ስም ያወጣል። የሞተ ሰው ግን አይታሰር፤ አይጠየቅ። ሳይቃጠል በቅጠል አለች በልቧ። ከእታለም የመርፌ ትራስ ላይ መርፌ ነቀለች፣ ቀይ ክር ሰካች፣ ከነጥቧ በፊት አንዲት ስፌት ጨመረች። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። አዲስ እንዳይመስል በረኪና በነካ ጨርቅ አሸችው። ለእታለም አልነገረቻትም። ብትነግራት እንደምታስፈታት ታውቃለች።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪው መጣ። አንድ ሰው ከውጭ በሩ ላይ ቀረ። ደረሰኙን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አደረገ፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

«አልለቀቀም» አለ ፊደሎቹን እያየ።

«ጌታዬ፣ ያለንን በረኪና በሙሉ ጨርሰንበታል» አለ ሳሙና።

«ግድ የለም፤ ገልብጠን እናነጥፈዋለን። ባለቤቱስ?»

ሳሙና ጣሪያውን አየ። ሚጢጢ የተዘጋጀችበትን አወጣች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «እዚያ የተሰቀለው ኮት ላይ ያለው ይመስለኛል ጌታዬ። ያው አራት ነው። ባለቤቱ ባለፈው ክረምት ሞተዋል።»

መርማሪው ኮቱን አወረደ፣ ጠርዙን ገለበጠ፣ ከአንሶላው አጠገብ አስተያየ። ራሱን ነቀነቀ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ሚጢጢ ትንፋሽዋን ለቀቀች።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና ከምልክቱ አጠገብ አስቀመጠው። ሰኞ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ያነሳው ፎቶ ነበር። ሦስት ስፌትና አንዲት ነጥብ።

«ሰኞ ሦስት፣ ዛሬ አራት። በበረኪና የሚወልድ ስፌት አይቼ አላውቅም» አለ። ማንም አልሳቀም። «ይገርማችኋል፤ እኔ እኮ ይህ ነገር ትርጉም ይኑረው አይኑረው እርግጠኛ አልነበርኩም። ጋሼ እንዳይተረተር ነው ብለውኝ ነበር፤ ትንሽ ብቆይ አምኛቸው ልተወው ነበር። አሁን ግን ምልክቱን መለወጥ የቻለ ሰው ምልክቱን ማንበብ ይችላል። ማን ነው?»

ሚጢጢ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለች እታለም ከመስኮቱ ሥር።

መርፌዋን ልብሷ ደረት ላይ ሰካች፤ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች፤ አንሶላውን አየች። አራተኛዋ ስፌት ትንሽ ዘምማ ነበር። እታለም የማንን እጅ እንዳየች ሚጢጢ ከፊቷ አነበበች። ቁጣ አልነበረበትም። ሕፃን ሰሃን ሲሰብር የምታይበት ዓይን ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?» አለ መርማሪው ሚጢጢን እያመለከተ።

«እሷ? እሷ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አታውቅም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የቀሚሷን ቁልፍ የምተክልላት እኔ ነኝ።»

«ሦስቱስ የማን ናቸው?»

«የእኔ ቤት። አንሶላውም የእኔ ነው፤ ጽሑፉም የእኔ ነው። ካቻምና ነው መጻፍ የተማርኩት፣ ፊደሌ ትንሽ ይንጋደዳል።»

«ከረጢቱ ውስጥ ያሉትንስ ያነቡልኛል?»

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ።»

«መነጽር እንገዛልዎታለን» አለ መርማሪው፤ ክንዷንም ሳይነካ፣ በትሕትና ወደ በሩ አሳያት።

የስብሰባው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። አንሶላው መድረኩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ተነጥፏል፤ ቀለሙ ግን ወደ ጀርባው ዘልቆ ስለነበር ፊደሎቹ ግራና ቀኝ ተገላብጠው ይታያሉ። የስብሰባው ሊቀመንበር ብርጭቆውን አንዱ ፊደል ላይ አስቀምጧል። ሚጢጢና ሬዲዮ በሦስተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ከሠላሳ አንዱ ከሃያ የሚበልጡት አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ፀጉር አስተካካዩ ከፊታቸው ነው የተቀመጠው፤ ማጅራቱ ላይ ላብ ነበር።

«እኚህ እናት በሰዎች ተገፋፍተው ተሳስተው ነበር» አለ ሊቀመንበሩ። «ማን እንደገፋፋቸው በራሳቸው አንደበት ይነግሩናል።»

እታለም ማይክሮፎኑን ያዘች። አርቃ ስለያዘችው አንድ ሰው መጥቶ ወደ አፏ አስጠጋላት። አመሰገነችው።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምናገኘው። የአራቱ ቀን የት ይሄዳል?»

ማይክሮፎኑ ጠፋ። ያለ ማይክሮፎን ደገመችው፤ ከፊት ያሉት ብቻ ሰሙ።

ሚጢጢ ጉልበቷ ተነሽ አላት። ዙሪያዋን አየች። ሬዲዮ ሻርፕ የሌለውን አንገቷን በእጇ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። ፀጉር አስተካካዩ አልዞረም። ሁሉም የሌላውን መነሣት ይጠብቅ ነበር፤ ወይም እንዳይነሣ ይጸልይ ነበር። ሚጢጢ አልተነሣችም። እታለምን በጎን በር አስወጧት። በሩ ሲዘጋ ሊቀመንበሩ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ የመንገድ መብራት ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በአርብ ነው የሚቆጠረው። አርብ አርብ ለታሳሪ ንጹሕ ልብስ ማስገባትና የቆሸሸውን መቀበል ይፈቀዳል፤ መተያየት ግን አይፈቀድም። ሚጢጢ ቀሚሱን ተኩሳ፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ፣ ከወገቡ ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ እታለም ራሷ እንዳስተማረቻት አድርጋ ትሰጣለች። ተረኛው በትንሿ መስኮት የቆሸሸውን ይወረውርላታል። ልብስ የማያነብ ሰው ቆሻሻ ነው የሚለው፤ ሚጢጢ ግን ቤቷ ወስዳ ስታይ የት እንደምትተኛ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ መቼ ትኩሳት እንደነበረባት ታውቃለች። በሦስተኛው አርብ እጅጌው ላይ የደረቀ ደም ነበር።

ያን ዕለት ጠርዙን ስትገለብጥ አገኘችው። ከብርድ ልብስ በተመዘዘ ግራጫ ክር፣ በመጥረጊያ እንጨት ስንጣሪ ሳይሆን አይቀርም የተሰፋ፣ ሦስት ስፌትና አንዲት ነጥብ። ሚጢጢ ገባት። አለሁ ነው። ደግሞ አላነበብኩላቸውም ነው።

ከዚያ በየአርቡ ነበር። አንዳንዴ ስፌቱ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ጊዜ ነጥቧ ከመስመሩ ርቃ ነበር የተቀመጠችው። ሚጢጢ ምልክቱን ሳትፈታ ልብሱን አጥባ ትመልስላታለች፤ እታለም ከጎኑ ሌላ ትሰፋለች። የቀሚሱ ጠርዝ በምልክት ተሞላ። ሬዲዮ እየመጣች ትቆጥራለች፤ ቆጥራ ስትጨርስ ምንም ሳትል ወደ ገንዳዋ ትመለሳለች።

በአሥራ አራተኛው አርብ ተረኛው የሰጣት ልብስ ሳይቆሽሽ ነበር። ሚጢጢ መስኮቱ ላይ ቆማ አየችው። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ፣ ከወገቡ ሁለት ጊዜ። ባለፈው አርብ እንዳጠፈችው ነበር። የካውያው መስመር እንኳ አልተሰበረም።

«እህቴ አልለበሰችውም?» አለች።

«እኔ የተሰጠኝን ነው የምሰጠው» አለ ተረኛው። ዓይኗን አላየም።

ሰኞ ዕለት መጥተሽ ውሰጃት ብለው ላኩባት። ታማ ነበር አሏት። ስትገንዛት መነጽር አድርጋ አገኘቻት፤ አዲስ፣ ርካሽ፣ የቀኝ መስተዋቱ የተሰነጠቀ።

ከቀሩት ሠላሳ ሰዎች አንድም አልተጠራም። አስተማሪው በሚቀጥለው ዓመት ተፈታ፤ አሁን አያስተምርም። ውኃው ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ሳሙና ከዚያ ወር ጀምሮ በልብስ ላይ ምልክት ማሰፋት ትቶ የወረቀት ቁጥር በስፒል ያያይዛል። የመርማሪው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው፤ በየሳምንቱ አምስት ሸሚዝ፤ የምትተኩሰው ሚጢጢ ናት።